ካርዱን ማን ይጻፈው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ፍላሽ ካርድ (ፊቱ ጥያቄ፣ ጀርባው መልስ የሆነ የጥናት ካርድ) አፖች የሚጠይቁትን ለይተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪን አንኪድሮይድ (አንኪ የሚባለው የካርድ አፕ የአንድሮይድ ስልክ ዓይነት) ላይ ካርዱን ራሴ እየጻፍኩ ነው የማጠናው። ጓደኛዬ የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ለኤአይ ሰጥታ በዐሥር ደቂቃ 400 ካርድ አወጣች። እኔ በሳምንት 100 እንኳ አልሞላም። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አላባከንሽም። በእጅ የተጻፈ ሁልጊዜ ይበልጣል ብለን ግን አናሞካሽሽም። አንድ ካርድ ሦስት ሥራ አለው፦ ምን እንደሚጠየቅ መምረጥ፣ መጻፍ፣ ከዚያ አፑ የቀጠረው የክለሳ ቀን ሲደርስ መልሱን ከራስ አውጥቶ መመለስ። ኤአይ በእውነት የሚያቃልለው ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛውን ማንም አይሠራልሽም። ችግሩ የሚመጣው የመጀመሪያውንም አብረሽ ስታስረክቢ ነው፤ አንድ ገጽ አንብቦ «ከዚህ ውስጥ ነገ የሚጠፋኝ የቱ ነው?» ብሎ መለየት ራሱ ጥናት ነውና።

እስቲ የጓደኛሽን 400 እንቁጠረው። አንኪ ካልነካሽው በቀር በቀን 20 አዲስ ካርድ ብቻ ያሳያል። በዚያ ልክ 400ውን አንዴ ለማየት ብቻ 20 ቀን ይፈጃል። አዲስ ካርድ ደግሞ ክለሳ ይዞ ነው የሚመጣው፦ በየቀኑ 20 አዲስ የሚጀምር ሰው ሲቆይ በቀን ወደ 200 የሚጠጋ ክለሳ ይጠብቀዋል። አንዱን በ8 ሰከንድ ብትመልሺ 27 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ያውም አንድ የትምህርት ዓይነት። ወረፋው ያለው ክለሳው ላይ እንጂ መጻፉ ላይ አይደለም። ጓደኛሽ ያተረፈችው ጊዜ ወረፋው የሌለበት ቦታ ላይ ነው። አንቺ በሳምንት 100 የምትጽፊ ከሆነ በቀን 14 ገደማ አዲስ ካርድ ነው፤ ሌላም ትምህርት ላለባት ተማሪ ይሄ ትክክለኛ ልክ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያልጻፍሽው ካርድ ሲገለጥ ዓይን ወደ መልሱ ይሮጣል፤ «አዎ፣ ይሄን አውቀዋለሁ» ትያለሽ፣ ታልፊዋለሽ። ያ ማንበብ ነው እንጂ መመለስ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2006 ባወጡት ጥናት፣ አንዱ ቡድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንዴ አንብቦ ያስታወሰውን ያለ ጽሑፉ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በጥቂቱ በለጡ፦ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ያነበቡት 42 ላይ ቀሩ። ስለዚህ ካርዱ የማንም ይሁን የማን፣ መልሱን በአፍሽ ሳትይ ወይም ብጣሽ ወረቀት ላይ ሳትጭሪ አትግለጪው።

አሁን የኤአዩን ካርድ ራሱን እንመርምር። ምዕራፉን በሙሉ ስትሰጪው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው እንዲህ ያለ ነው፦ «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» መልሱ አምስት መስመር። ይሄ ካርድ ሞቷል። አምስቱን መስመር አንዴ በከፊል ታስታውሻለሽ፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ከፊል፤ «አወቅኩ» ልበል ወይስ «አላወቅኩም» የሚለውን መወሰን ያቅትሻል። አንኪም ቀኑን የሚያሰላው በዚያ ውሳኔሽ ስለሆነ ስሌቱ ይበላሻል። ያንኑ ትምህርት ቆራርጠሽ ጻፊው፦ የብርሃኑ ሪአክሽን የሚካሄደው ክሎሮፕላስት ውስጥ የት ነው? ታይላኮይድ ሜምብሬን ላይ። ካልቪን ሳይክልስ? ስትሮማ ውስጥ። የሚወጣው ኦክስጅን ምንጩ ምንድን ነው? ውሃው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይደለም። ካልቪን ሳይክል ብርሃን በቀጥታ ሳይፈልግ ጨለማ ውስጥ ለምን ይቆማል? ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች የሚያቀርብለት የብርሃኑ ሪአክሽን ስለሆነ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓይነት ጥያቄ ኤአይ ካልተጠየቀ አይጽፋቸውም፤ ፈተና አውጪ ግን ይወዳቸዋል።

እንግዲህ እንዴት ይቀላቀል? የቃላት ፍቺ፣ የኤለመንቶች ምልክትና ቫለንሲ፣ የኢንዛይምና የሆርሞን ስም ከነሥራቸው፣ እነዚህን ኤአይ ይጻፍልሽ፤ እዚያ የሚመረጥ ነገር ትንሽ ነው። ሂደት፣ ምክንያት፣ ሁለት ተመሳሳይ ነገሮችን መለየት ያንቺ ነው። በቆዩ የማትሪክ ጥያቄዎች ላይ የተሳሳትሽውም ያንቺ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም ካርድ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ከፊት «እነዚህን ሁለቱን ምን ይለያቸዋል?» ብለሽ፣ ከኋላ ለምን እንደተሳሳትሽ በአንድ መስመር። የሂሳብና የፊዚክስ ስሌትን ካርድ ላይ አትፈልጊው፤ ቀመሩንና «መቼ ነው የምጠቀምበት?» የሚለውን ብቻ ጽፈሽ ወደ ደብተር።

ለኤአይ ስትሰጪ ምዕራፍ ሳይሆን አንድ ንዑስ ርዕስ፣ ቢበዛ 3 ገጽ። ትእዛዙም እንዲህ ይሁን፦ «ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ምንም አትጨምር። አንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። መልሱ ከ12 ቃል አይብለጥ። በእያንዳንዱ መልስ ሥር ከጽሑፉ የወሰድክበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጥ። 15 ብቻ አውጣ።» የተገለበጠው ዓረፍተ ነገር ማረጋገጫሽ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ካላገኘሽው ካርዱን ሰርዢ። ከ15ቱ 6 ወይም 7 ብታስቀሪ በቂ ነው፤ ሁሉንም የምታስቀሪ ከሆነ እያነበብሽው አይደለም ማለት ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የካርዱ ፊት በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አማርኛው ከኋላ ለማብራሪያ ይግባ። ደግሞ ኬሚስትሪ ላይ «ያንሳል» የሚለውን ምልክት (<) የያዘ ካርድ ከፋይል ስታስገቢ አንኪ ምልክቱን እንደ ድረ ገጽ ኮድ ቆጥሮ ከሱ በኋላ ያለውን ጽሑፍ ሊውጠው ይችላል። በቃል «ያንሳል» ብለሽ ጻፊው፣ ወይም ስታስገቢ ኤችቲኤምኤል የሚለውን አጥፊው።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የመምህራንን ስላይድ ኤአይ ላይ እየጫንኩ ወደ 1,800 ካርድ አከማችቻለሁ። አሁን በቀን 460 ካርድ ይጠብቀኛል፤ ግማሹን አላውቀውም፣ አንዳንዱም መምህሩ ካለው ጋር ይጋጫል። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር? (ከሸንኮር፣ ሐረር)

መልስ፦ አታጥፋ፤ ከዚያ ውስጥ የለፋህበትም አለ። ዛሬውኑ ግን ቧንቧውን ዝጋ፦ የዴኩ (የካርድ ስብስቡ) ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ የቀኑን አዲስ ካርድ 0 አድርገው። ቀጥለህ ካርድ ብራውዘር ውስጥ እስካሁን አንዴም ያላየሃቸውን ለይተህ በአንድነት ሰስፔንድ አድርጋቸው። ሰስፔንድ የሆነ ካርድ አይጠፋም፣ አይመጣም ብቻ፤ ርዕሱ ክፍል ውስጥ ሲደርስ ጥቂት ጥቂቱን ትፈታለህ። የቀረውን ውዝፍ በቀን 120 እያልክ ጨርሰው። ክፍያው እንደ ዕቁብ ነው፤ ቀኑን አታሳልፍ፣ በአንድ ሌሊትም ሁሉን ልክፈል አትበል።

ስትከልስ እያንዳንዱን ካርድ 10 ሰከንድ ስጠው። ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ካልገባህ ካርዱ ነው ጥፋተኛው፤ እዚያው ሰርዘው። ስላይድ በባሕርዩ ጎደሎ ነው። መምህሩ በቃል የሚሞላውን አልያዘም፤ ኤአይ ደግሞ ክፍተት አይወድም፣ ከየትም አምጥቶ ይሞላዋል። ግጭቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። የአዋቂ የልብ ምት 60–100 በደቂቃ መሆኑ ላይ መጻሕፍት ይስማማሉ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ 110–160፣ ሌላው 120–160 ይላል። ኤአይ አንዱን አንስቶ ያስቀምጥልሃል፤ ያንተን ፈተና የሚያወጣው ግን መምህርህ ነው። ቁጥር ያለበትን ካርድ ሁሉ፣ መጠን፣ ልክ፣ አሃድ፣ ከሃንድአውቱ ጋር ሳታመሳክር አትያዝ። ከኋላው የስላይዱን ቁጥር ጻፍበት። የመድኃኒት መጠንማ ከካርድ ወደ ዋርድ የሚሄድ ነገር ስለሆነ በኤአይ እንዳታስጽፍ።

ግማሹን አላውቀውም ያልከው ላይ አንድ ጥርጣሬ አለን። መልሱ ጠፍቶህ «ሃርድ» የሚለውን ትጫን ይሆን? ብዙ ሰው «ከብዶኛል» ለማለት ይጫነዋል። ለአንኪ ግን ሃርድ ማለት «አስታወስኩ፣ ግን በግድ» ነው፤ ካርዱን እንዳለፍከው ቆጥሮ ቀኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ያልመጣልህ ሁሉ «አጌን» (እንደገና) ነው። ከፈረንጆቹ 2023 ጀምሮ አንኪ ውስጥ የገባው ኤፍኤስአርኤስ የሚባለው አዲሱ ስሌትም በዚህ ስህተት ክፉኛ ይታለላል፤ ከመልስህ ነውና የሚማረው። ኤፍኤስአርኤስን ከከፈትክ የማስታወስ ግቡ 0.90 ላይ ይቆይ። ፈተና ደረሰ ብለህ 0.97 ብታደርገው የምታተርፈው ጥቂት ነው፤ የክለሳው ብዛት ግን እጥፍ ድርብ ይሆናል።

አንድ ካርድ 8 ጊዜ ከወደቀ አንኪ «ሊች» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ እንደ ቅንብሩ ሰስፔንድም ያደርገዋል። ሊች ማለት አልቅት ነው፤ ስሙ ገላጭ ነው። ጊዜህን የሚመጠው እሱ ነውና መልሰህ አትፍታው። ይልቅ ከምን ጋር እንደሚምታታ ፈልግ። የሄፓሪን ማርከሻ ፕሮታሚን ሰልፌት፣ የዋርፋሪን ቫይታሚን ኬ ነው፤ ሁለቱም የደም ማቅጠኛ ስለሆኑ ለየብቻ በተጻፉ ካርዶች ላይ ይደባለቃሉ። ሁለቱን ፊት ለፊት የሚያቆም ሦስተኛ ካርድ በእጅህ ጻፍ፦ «ፕሮታሚን የማን ነው? ቫይታሚን ኬስ?» የማግኒዥየም ሰልፌት ማርከሻ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚለው ግን የሚጋጨው ጎረቤት ስለሌለው በአንድ ካርድ ይያዛል።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ የጥያቄ ካርድ በኤአይ አዘጋጅቼ በኤክሴል አስቀመጥኩት። አንኪ ላይ ሳስገባው ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቶቹ ግማሾቹ ትክክል አይደሉም። (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ መምህር፣ ፊደሉን እናስቀድም። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የለም፤ ጠፍቷል። ፋይሉን ማከም አይቻልም፣ ወደ ኤክሴሉ ተመልሰው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መርጠው እንደገና ያስቀምጡት። ተራው «ሲኤስቪ» የግዕዝ ፊደል አይሸከምም። ባዶ ሣጥን ቢሆን ኖሮ ግን ፊደሉ አለ፣ ስልኩ ላይ የጠፋው ፎንቱ ነው ማለት ነበር። ፋይሉን በእጅዎ የሚጽፉ ከሆነ ዓምዶቹን በታብ ቢለዩ ይሻላል፤ በእንግሊዝኛው ኮማ ከለዩ በጥቅስ ምልክት ያልታቀፈ መልስ ውስጥ ያለ ኮማ ካርዱን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። የእኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ምንም አያደርግም። አማርኛ እዚህ ላይ አሸንፏል።

ሌላው ወጥመድ አሮጌ ሞጁል ነው። በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፒዲኤፍ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ነው። ኤአይ ያንን ዝብርቅ ተቀብሎ «አልገባኝም» ከማለት ይልቅ ከርዕሱ ተነሥቶ የራሱን ታሪክ ሊጽፍልዎ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ካልወጣ ገጹን ፎቶ አንሥተው ይስጡ። ፎቶ ሲሆን ደግሞ የሚሳሳተው በፊደል ቅጥያ ላይ ነው፤ «ኩ» እና «ኪ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ስለሆነ የሰውና የቦታ ስም ሁሉ በዓይን ይታይ። የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ከሆነ ባይሞክሩት ይሻላል፤ ሲያርሙ የሚያጠፉት ጊዜ ከመጻፉ ይበልጣል።

ዓመተ ምሕረቱ የሚበላሸው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ኤአይ ከፈረንጆቹ ዓመት ሁልጊዜ 8 ይቀንሳል። ልዩነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ 8 አይደለም፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ነው የሚቀነሰው። የዓድዋ ድል ማርች 1 ቀን 1896 ስለሆነ 8 ተቀንሶ 1888 ይሆናል፣ የካቲት 23፤ ይሄን አይስትም። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው ግን በዲሴምበር 1902 ነው፤ 7 ተቀንሶ 1895። በ8 ከቀነሰው 1894 ብሎ ከተማዋን አንድ ዓመት ያስረጃታል። ለኤአይ የሚሰጡት ጽሑፍ ላይ ወሩን ካልጻፉለት እሱም ሊያውቅ አይችልም። እርስዎ ራስዎ ካርዱ ላይ «በእኛ» ወይም «በፈረንጆቹ» ብለው ይጻፉ፤ ቁጥር ብቻውን የቆመበትን ካርድ አያድሉ።

መልስ በፊደል የሚያስጽፈውን የካርድ ዓይነት ለአማርኛ አንመክርም። ማሽኑ ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው፤ ተማሪው «ሀረር» ቢጽፍና ካርዱ «ሐረር» ቢል ስህተት ብሎ በቀይ ያሰምርበታል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ለጆሮ አንድ፣ ለማሽን ሁለት ናቸው። በዚሁ ምክንያት አንኪ «ዓድዋ» እና «አድዋ» ብለው የሚጀምሩ ሁለት ካርዶች መንታ መሆናቸውን አያይም፤ ኤአይ ራሱ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱንም ይጽፋል። ከማስገባትዎ በፊት ኤክሴሉ ላይ አንዱን መርጠው ሁሉንም ይለውጡት።

«የጀጎልን አምስት በሮች ዘርዝር» የሚለውን ካርድ እንደ ምሳሌ ልከውልን ነበር። ዝርዝር ካርድ ላይ አይጸናም፤ ተማሪው አራቱን ይላል፣ አምስተኛው ዘወትር አንዱ በር ሆኖ ይቀራል። የጀጎልን ካርታ አስገብተው በሩ ያለበትን ቦታ ይሸፍኑት፣ አንድ በር አንድ ካርድ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። አንኪ ምስል የሚሸፍን መሣሪያ አለው። ይህን ኤአይ በደንብ አይሠራውም፤ በሩ ካርታው ላይ የት እንዳለ እርስዎ በእግርዎ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ትፈተናለች። ስልክ በእጇ እንዲገባ አልፈልግም። ያለ አፕ ይሄ ነገር አይሆንም ወይ? (የልጅ አባት፣ ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ድሬ ላይ «አንተ» ብንልዎ እንደማይቀየሙ እናውቃለን፤ ለወጉ ያህል እርስዎ እንበል። ይሆናል፤ ከአፑ በፊት የነበረው ይሄ ነው። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጋዜጠኛ በፈረንጆቹ 1972 ያስተዋወቀው የካርቶን ሣጥን ነው፣ አፖቹም ሐሳቡን ከዚህ ቤት ነው የሚጋሩት።

ወፍራም ወረቀት ይግዙ፤ ስስ ከሆነ መልሱ ከጀርባ ያሳያል። አንድ ኤ4 ሦስት ጊዜ ቢታጠፍ 8 ካርድ ይወጣዋል፣ 25 ወረቀት 200 ካርድ። የጫማ ካርቶን ውስጥ በካርቶን ክፋይ 5 ክፍል ያብጁ። አዲስ ካርድ ሁሉ 1ኛው ክፍል ይገባል፤ 1ኛው በየቀኑ፣ 2ኛው በየ2 ቀኑ፣ 3ኛው በየ4፣ 4ኛው በየ8፣ 5ኛው በየ16 ቀኑ ይታያል። ከመለሰች ካርዱ አንድ ክፍል ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከተሳሳተች የትም ይሁን የት ወደ 1ኛው ይመለሳል። ቀኑን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካላንደር ምልክት ያድርጉ፤ ያለ ካላንደር ይሄ ሣጥን በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል። ካርዶቹን ከማየቷ በፊት እንደ ካርታ ይበውዟቸው፤ ካለዚያ መልሱን ሳይሆን ተራውን ነው የምትይዘው። 1ኛው ክፍል ከ30 ካርድ በላይ ሲሆን አዲስ መጨመር ይቁም።

ኤአዩ በእርስዎ ስልክ ይሁን። ማታ የዕለቱን ገጽ ፎቶ አንሥተው 10 ጥያቄ እንዲያወጣ ይጠይቁ፣ እርስዎ ያንብቡላት፣ ያልመለሰችውን ብቻ በራሷ እጅ ካርድ ላይ ትጻፍ። ከ10ሩ 3 ወይም 4 ይሆናል። ኤአዩ ጥያቄ ጠያቂ፣ ልጅቷ ጸሐፊ፤ እኛ ካየናቸው አጠቃቀሞች ሁሉ ይሄኛው ይሻላል፣ ስልክ ላላቸውም ጭምር።

ጥያቄ፦ የትኛውን አፕ ልጫን? ኔትወርክም የሞባይል ካርድም ይወደዳል። (ከቀፊራ አካባቢ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አንድሮይድ ከሆነ አንኪድሮይድ፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ድረስ አያቆምም። የአንኪን ስም ተውሰው ወርኃዊ ክፍያ የሚጠይቁ አፖች አሉ፤ ገና ሲከፈት የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ያ አንኪድሮይድ አይደለም። አይፎን ላይ ዋናው አፕ 25 ዶላር ገደማ ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው አንኪዌብን በብራውዘር መክፈት በነፃ ያገለግላል። ኲዝሌት ለመጀመር ይቀላል፣ ጥሩ ጥሩው ክፍሉ ግን በክፍያ ነው። የጉግሉ ኖትቡክ ኤልኤም ከሰጡት ፋይል ካርድ ያወጣል፤ እሱ ግን ካርዱን ለማውጣት እንጂ ለወራት ክለሳ አይደለም፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋል።

የሞባይል ካርድ የሚበላው ጽሑፍ አይደለም። አንድ የስልክ ፎቶ እስከ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይደርሳል፤ የጽሑፍ ገጽ ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፎቶ ይልቅ ጽሑፉን ገልብጦ መስጠት፣ አንኪድሮይድ ላይም ምስልና ድምፅ በዋይፋይ ብቻ እንዲላክ ማድረግ። ክለሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ቢያልቅ ደግሞ ለድሬ ሙቀት ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ስልኩም ሰውየውም ይግላሉ።

ጥያቄ፦ አያቴ የሚናገሩትን ጌይ ሲናን (የሐረሪ ቋንቋ) መማር እፈልጋለሁ። ቻትጂፒቲ 200 ቃል በካርድ አዘጋጀልኝ። ለአያቴ ሳነብላቸው ሳቁብኝ። (ከአሚር ኑር አካባቢ፣ ሐረር)

መልስ፦ አያትህ ልክ ናቸው። ኤአይ የሚማረው ከተጻፈው ነው፤ በጌይ ሲናን ኢንተርኔት ላይ የተጻፈው ትንሽ ስለሆነ የጎደለውን ከአማርኛና ከዐረብኛ እያስመሰለ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ከስህተቱ ጋር ተሸምድዶ ይቀራል፣ ለማስለቀቅ ደግሞ ከመማር ይከብዳል። 200ውን ሰርዛቸው።

አንኪድሮይድ ላይ አዲስ ካርድ ስትከፍት ድምፅ መቅጃ አለ። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጥና አንድ ቃል፣ ከዚያ ያ ቃል ያለበት አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲሉልህ ጠይቅ። በአንድ ጊዜ ከ8 ቃል አትለፍ፤ ይሰለቻሉ። ለየቃሉ ለብቻው ቅዳ፣ ከ3 ወይም 4 ሰከንድ አይብለጥ፣ ሬዲዮውን አስዘጋ። ፊት ላይ ድምፁን ብቻ አድርግ፣ ጽሑፍ አትጨምር፤ ጽሑፍ ካየህ በአማርኛ አነባበብ ትጠራዋለህ። ከኋላ ትርጉሙ ይግባ። ከዚያ የተገለበጠ ሁለተኛ ካርድ፦ ፊቱ አማርኛ፣ ኋላው የሳቸው ድምፅ። የምታውቀውን ቦታ መነሻ ብታደርግ ይቀልሃል፦ ሸዋ በር በጌይ ሲናን አስማዲን በሪ ነው፣ ኤረር በር ደግሞ አርጎብ በሪ። ከሁለቱ «በሪ» በር መሆኑን ራስህ ታወጣዋለህ። የቀዳኸውን ድምፅ ስልኩ ላይ ብቻ አታስቀምጠው፤ ከአንኪዌብ ጋር ሲንክ አድርገው፣ ወይም ዴኩን ኤክስፖርት አድርገህ ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላከው። ኤክስፖርት ስታደርግ «ሚዲያ ጨምር» የሚለው ምልክት መደረጉን እይ፤ ካልተደረገ የሚሄደው ጽሑፉ ብቻ ነው፣ የአያትህ ድምፅ አሮጌው ስልክ ላይ ይቀራል።